«መጣሁ» እያለ የሚሄደው እንግሊዝኛችን

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሆቴል ቁርስ እየበላሁ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ የውጭ አገር እንግዳ ሻይ አዘዘ። አስተናጋጁ ልጅ ፈገግ ብሎ «አይ ኬም» አለውና ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ኩሽና ገባ። ሰውዬው ሹካውን እንደያዘ በሩን ያያል። መጥቻለሁ እያለ የሚሄድ ሰው አይቶ አያውቅም!

እኛ ብንሆን ምንም ግር አይለንም። «መጣሁ» ማለት «አሁን እመለሳለሁ፣ ጠብቀኝ» ማለት እንደሆነ እናታችን ጓዳ ስትገባ እየሰማን ነው ያደግነው። እንግሊዝኛ እዚህ ቦታ ላይ የሚለው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው። «አይ ኬም» ካሉ ነገሩ አልቋል፤ ደርሻለሁ፣ ይኸው ቆሜያለሁ ማለት ነው።

ልጁ እንግሊዝኛ አያውቅም ማለት ግን አይቻልም። ግሱን ያውቀዋል፤ ኃላፊ ጊዜውንም አልሳተውም። አፉ እንግሊዝኛ ሲናገር ሐሳቡ አማርኛ ላይ ነበር፣ ይኸው ነው። እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። መምህር አይደለሁም፤ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ጥቂት ዓመት ሠርቼ፣ ከዚያ በኢንተርኔት ለደንበኞች መልስ የመስጠት ሥራ ይዤ፣ በራሴ ስህተት እየተሳቀቅኩ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሰዎች «እንግሊዝኛ ለመማር የቱን አፕ ላውርድ?» ሲሉኝ መጀመሪያ የምነግራቸው ስለ አፕ አይደለም። ከስህተታችን ብዙው የሚመጣው ከእንግሊዝኛ ማነስ ሳይሆን ከሥር ሆኖ ከሚናገረው አማርኛ ነው። የት የት ላይ እንደሚጎትተን ካላወቅን አፑ የሚሰጠንን ሁሉ በአማርኛ ቅርጽ ነው የምናስቀምጠው።

አሥራ ሁለት ዓመት የተማርነው እንግሊዝኛ የት ገባ?

ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ በቁጭት ነው የሚጠይቀው፤ መልሱ ግን ያን ያህል ምሥጢር አይደለም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ፊዚክሱም ታሪኩም በእሱ ነው። ሆኖም በመጨረሻ የሚለካው በምርጫ ጥያቄ ነው፤ «ኤ» ነው ወይስ «ሲ»፣ እርሳስ ይዞ ማጥቆር። በዚህ መንገድ ዓይናችን ተማረ፣ እጃችንም ትንሽ ተማረ፣ ጆሮና አፍ ግን ውጭ ቀሩ። ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ 40 ደቂቃውን በሙሉ ለተማሪዎቹ ቢያከፋፍለው እንኳ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ አይሞላም። መምህሩ ምን ያድርግ?

ስልኩ የሚጠቅመን እንግዲህ የጎደለውን ሲሞላልን ነው። ሌላ የሰዋስው ቪዲዮ፣ ሌላ «ኃላፊ ጊዜ ክፍል ሦስት» ማየት ያለንን መድገም ነው። ሰዋስው ብቻ የሚያስተምሩ የቴሌግራም ቻናሎች ብዙ ተከታይ የሚያገኙት የለመድነውን ስለሚሰጡን ይመስለኛል። አያሳፍሩም፣ አፍ አያስከፍቱም።

እንግሊዝኛ ወደ ሰሜን ሸዋ የመጣው ከደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ጋር እንዳይመስላችሁ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲፈራረሙ በመካከል ሆኖ ያስተረጎመው ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነበር። አማርኛውም እንግሊዝኛውም የእናቱ ቋንቋ አልነበረም። አክሰንቱ እንዴት እንደነበረ የሚያወራ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስንት ቃል ይበቃል?

ከምታስቡት ያነሰ ነው። ቻርልስ ኦግደን የሚባል እንግሊዛዊ በ1930 እ.ኤ.አ. የዕለት ተዕለት ነገር ሁሉ የሚነገርበት ቀላል እንግሊዝኛ ብሎ ያወጣው ዝርዝር 850 ቃላት ነበረው። የአሜሪካ ድምፅ በ1959 እ.ኤ.አ. ለውጭ አድማጮች በዝግታ የሚነበብ ዜና ሲጀምር 1,500 ያህል ቃላትን መነሻ አድርጎ ነው፤ በእነዚያ ቃላት ጦርነቱንም፣ ምርጫውንም፣ የጨረቃ ጉዞውንም ሲዘግብ ኖሯል። የሎንግማን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት በውስጡ ያለውን ቃል ሁሉ የሚፈታው በ2,000 ቃላት ብቻ ነው። ተደጋግመው የሚመጡትን 2,000 ያህል ቃላት ያወቀ ሰው ከተራ ጽሑፍ አምስት ቃል ውስጥ አራቱን ያውቃል ማለት ነው።

12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ይህን ያህል ቃል በዓይኑ ያውቃል ብዬ አምናለሁ። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ቃሉ ለእሱ ሥራ አልተሰደረም። በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት መስመር ላይ ያለች ልጅ የሚያስፈልጋት «ክሩ ተበጠሰ»፣ «ማሽኑ ቆሟል፣ መካኒክ ጥሩልኝ»፣ «40 ጨርሰናል፣ 10 ቀርቶናል»፣ «ይኼኛው ጉድለት አለበት» የሚሉትን ማለት ነው። ስለ አማዞን ደን የተጻፈ ምንባብ አይረዳትም። መንዝ ጓሳ ላይ እንግዳ የሚያስጎበኝ ልጅ ደግሞ ጭላዳው ሣር እንደሚበላና ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም እንደማይገኝ፣ ቀይ ቀበሮው አይጥ እንደሚያድን፣ የጓሳው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ እንደሚሆን፣ አባቶች ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት እንዴት እንደጠበቁት መናገር አለበት። የፀረ ተባይ መድኃኒት የሚሸጥ ባለሱቅ ከሁለቱም የተለየ ነገር ይፈልጋል፤ ከጠርሙሱ ላይ «ከልጆች አርቁ»፣ «ከመጠቀም በፊት በደንብ ይነቅነቅ»፣ «ከዚህ መጠን አትለፉ» የሚለውን አንብቦ ለገበሬው መንገር። እዚህ ላይ ስህተት ሰው ይጎዳል።

እኔ የምመክረው ዘዴ በአማርኛ ነው የሚጀምረው። ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዙና ሥራ ቦታችሁ በቀን ደጋግማችሁ የምትሉትን በአማርኛ፣ እንደምትሉት አድርጋችሁ ጻፉ። ወደ ሠላሳ አካባቢ ስትደርሱ አዲሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ እኔ ሆቴል ስሠራ በሃያ ስድስት ነው የቆመብኝ። ከዚያ ለእያንዳንዱ «ይህ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» ብላችሁ ሳይሆን «እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ቦታ ቢቆም ምን ይል ነበር?» ብላችሁ ፈልጉ። ልዩነቱ የ«መጣሁ» ልዩነት ነው።

አማርኛው የሚጎትተን ቦታ

ብዙ ጊዜ ያላገኘነውን ወዳጅ «ጠፋህ እኮ!» እንለዋለን። «ዩ አር ሎስት» ብላችሁ ብትጽፉለት ሰውዬው መንገድ የሳተ፣ ከዚያም ሲብስ ሕይወቱ የተበላሸ መስሏችሁ እንደሆነ ያስባል። «ስንጫወት አመሸን» የሚለውን በቀጥታ ካዞራችሁት ደግሞ ሁለት ጎልማሶች ምሽቱን ኳስ ወይም ካርታ ሲጫወቱ እንዳመሹ ነው የሚሰማው። የእንግሊዝኛው «ፕለይ» ወግን አይጨምርም፤ ወግ «ቻት» ወይም «ቶክ» ነው። «አይዞህ» ጭራሽ አቻ የለውም። ሰው ሲደናቀፍ በእሱ ፈንታ «ሶሪ» እንላለን፤ ባዕዱ ግን «አንተ አይደለህም የጣልከኝ» ይለናል። እሱ ጋ «አር ዩ ኦኬይ?» ብሎ መጠየቅ ነው ልማዱ። ማበረታታት ስንፈልግ «ቢ ስትሮንግ» የምንለውም «በርታ»ን ተሸክሞ የሄደ ነው፤ ለሰሚው ግን ሐዘን የደረሰበትን ሰው ማጽናናት ይመስላል።

እነዚህስ ያስቃሉ እንጂ አይጎዱም። የሚጎዳው «አዎ» እና «አይ» ነው። በአማርኛ «በሩን አልዘጋኸውም?» ተብሎ የተጠየቀ፣ በሩን የዘጋ ሰው «አይ፣ ዘግቼዋለሁ» ይላል። «አይ» የሚለው የጠያቂውን ግምት ነው፤ ግምትህ ትክክል አይደለም ማለቱ ነው። ያልዘጋው ደግሞ «አዎ፣ አልዘጋሁትም» ይላል። እንግሊዝኛ ለጠያቂው ግምት ግድ የለውም። ድርጊቱ ከተፈጸመ «የስ»፣ ካልተፈጸመ «ኖ»። አንድ የማውቀው የመጋዘን ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ሲወቀስ ዋለ። የውጭ አገር ኃላፊው «ዲድንት ዩ ሎክ ዘ ስቶር?» (መጋዘኑን አልቆለፍከውም?) አለው፣ እሱ «ኖ!» አለ፣ ኩራት ባለው ድምፅ። መጋዘኑን ግን ቆልፎት ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በ«የስ» ወይም በ«ኖ» ብቻ አትመልሱ፤ ግሱን ጨምሩ፤ «አይ ሎክድ ኢት»። ግሱ ካለ የፊቱ ቃል ቢሳሳትም ነገሩ ይስተካከላል።

ቀጥሎ ሰዓት አለ። የመጀመሪያውን የሥራ ቃለ መጠይቄን ያበላሸው እሱ ነው። በስልክ «ስሪ ኦክሎክ» ተባልኩ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በር ላይ ተገኘሁ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና አልለቀቀም። ጥበቃው «ቀጠሮህ ከሰዓት ነው» እያለኝ አላመንኩትም፤ እስከ 9 ሰዓት ጠበቅኩ፣ ስገባ ከብርዱና ከረሃቡ የተነሳ ስሜንም በደንብ አልተናገርኩም። ፈረንጅ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት፣ እኛ ከንጋት ስለምንቆጥር በመካከል ስድስት ሰዓት አለ። የነሱ ስምንት ሰዓት ጠዋት የኛ 2 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ስትቀበሉ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ወይም «ኢን ዚ አፍተርኑን» ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፤ አያሳፍርም።

ቀን መቁጠሪያውም እንዲሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። በመድኃኒት ካርቶን ላይ 04/2026 የሚል ካያችሁ የሚያበቃው በኛ ሚያዝያ 2018 ነው፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ገና ስምንት ዓመት አለው» ያለ ሰው አጋጥሞኛል። 03/04 ተብሎ የተጻፈ ቀን ደግሞ ለእንግሊዞቹ ሚያዚያቸው ላይ፣ ለአሜሪካኖቹ መጋቢታቸው ላይ ይውላል፤ ወሩን በፊደል መጻፍ ከጭቅጭቅ ያድናል።

የስም ነገር ትንሽ ነው ግን ያናድዳል። ፎርሙ ላይ «ላስት ኔም» ሲል የቤተሰብ ስም ማለቱ ነው፤ እኛ ጋ የለም። የአባት ስም ጻፉ፣ የአያት ስም ጻፉ፣ ብቻ በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ሆኖ በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን። በኢሜይል «ሚስተር» ብለው የአባቴን ስም አስከትለው ሲጠሩኝ መጀመሪያ ሰሞን አባቴን የሚፈልጉ ይመስለኝ ነበር።

ጨዋነት ላይ ቆም ልበል፤ ሸዋ ላይ ያደገ ሰው ጨዋነት የሚጎድለው አይመስለውም። የኛ አክብሮት ያለው በ«እርስዎ» ውስጥ ነው፣ በ«ይቀመጡ» ውስጥ ነው፣ ከመቀመጫ ብድግ በማለት ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው «እርስዎ» የለውም፤ ለንጉሥም ለሕፃንም «ዩ» ነው። አክብሮቱን የሚያስቀምጠው ትእዛዙን ወደ ጥያቄ በመለወጥ ነው። «ውሃ ስጠኝ» በኛ ድምፅና በኛ ፈገግታ ልመና ነው፤ «ጊቭ ሚ ወተር» ግን ትእዛዝ ነው። «ኩድ አይ ሃቭ ሰም ወተር?» ማለት አለብን። እንግዳ ስናስተናግድ፣ ደንበኛ ስናነጋግር፣ ኢሜይል ስንጽፍ «ኩድ ዩ» የምትለዋ ሐረግ ብቻዋን «እርስዎ»ን ትተካለች።

ደብዳቤ ላይ ግን ተቃራኒው ነው የሚያጠፋን፤ ጨዋነት እናበዛለን። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለው የቢሮ አማርኛ በቀጥታ ሲዞር አንባቢው ርዕሱን ለማየት ወደ ላይ ይመለሳል እንጂ ፍሬ ነገሩን አያገኝም። የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የምትፈልጉትን ሥራ ይንገር፣ ሁለተኛው ምን እንደሠራችሁ፣ ሦስተኛው መቼ መጀመር እንደምትችሉ። ሰላምታና ስንብት አንድ አንድ መስመር ይበቃቸዋል።

በግና መርከብ

መንዝ በበጉ ይታወቃል፤ ባናውም በርኖሱም ከጸጉሩ ነው። በእንግሊዝኛ ግን በግ «ሺፕ» ተብሎ ረዘም ይላል፣ መርከብ «ሽፕ» ተብሎ ያጥራል። ባሕር በሌለበት መንዝ ላይ አባቱ ሠላሳ መርከብ እንዳለው ለእንግዳ የተናገረ ሰው አውቃለሁ። ችግሩ ጆሮ ነው። አማርኛ እነዚህን ሁለት ድምፆች በዚህ መልክ ስለማይለይ ጆሯችን አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል፤ ጆሮ ያልለየውን አፍ አይለይም። ስለዚህ ቅድሚያ ልምምዱ መስማት ነው። የካምብሪጅና የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት በነፃ በድረ ገጽ አሉ፤ የድምፅ ማጉያ ምልክቷን ስትነኩ ሰው ያነበበውን ታሰማለች። ሁለቱን ቃላት እያፈራረቃችሁ አሥር ጊዜ ስሙ። ጓደኛ ዓይኑን ጨፍኖ የቱ እንደሆነ ይገምት። ሳትሳሳቱ ስትለዩ ያን ጊዜ ለመናገር ሞክሩ።

ቃሉን በደብተር ላይ በፊደል የመጻፍ ልማዳችንም እዚህ ላይ ዕዳ አለበት። ፊደላችን ለግዕዝ ተሠርቶ ለአማርኛ የተስማማ ነው፤ አናባቢ የሌለው ተከታታይ ተነባቢ ሲያጋጥመው ምላሳችን «እ» ያስገባል። «እስኩል»፣ «እስቶር» የምንለው ለዚህ ነው፤ አባቶቻችን ፖሊስን «ቦሊስ» ሲሉ እንደነበረው ሁሉ ምላስ ያላትን ትሰጣለች። «ኮምፎርቴብል» ብሎ በአራት እርምጃ የሚጽፍ ሰው እንግሊዙ «ከምፍተብል» ብሎ ሲያሳጥረው ሌላ ቃል ይመስለዋል። እኔም እዚህ እንግሊዝኛውን በፊደል እየጻፍኩ ነው፤ ልትመኩበት ግን አይገባም፣ ድምፁን ሄዳችሁ ስሙት።

እንግሊዝኛ እንደተጻፈው አይነበብም ብለን የምናማርረውም ትንሽ ግፍ አለበት። «አለ» የሚለውን ተመልከቱ፤ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ነው። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «እስካሁን አልደረሰም»? ፊደሉ አይነግረንም፣ እኛ ግን አንሳሳትም፤ ከንባብ በፊት በጆሮ ስለምናውቀው ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚያ መማርን ይፈልጋል፤ ድምፁ ቀድሞ፣ ጽሕፈቱ ተከትሎ።

ጥሩው ነገር ደግሞ አለ። «ች»፣ «ጅ»፣ «ሽ» ለኛ ምንም አያስቸግሩም፤ ስንት ሕዝብ በነዚህ ይሰቃያል። የሚቀረን ምላስን በጥርስ መካከል የምታስወጣው ድምፅ ናት፤ «ዚስ» እና «ሲንክ» እያልን በ«ዝ» እና በ«ስ» የምንተካት። እሷን በመስታወት ፊት ተለማመዱ፣ ምላሳችሁ ካልታየ አልሆነም። ባይሆንም ዓለም አያልፍም፤ ከ«ሽፕ» በግ ይልቅ ቀለል ያለች ስህተት ናት።

ስልኩ ላይ ምን ይቀመጥ?

እዚህ አጭር እሆናለሁ፤ ሰው ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ጽፎታል። የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» የሚባል ዝግጅት አለው፤ ስድስት ደቂቃ ወሬ፣ ጽሑፉም አብሮ ይቀመጣል፣ ነፃ ነው። የብሪቲሽ ካውንስል ለርን ኢንግሊሽ በደረጃ የተከፋፈለ የማዳመጥ ልምምድ አለው፤ ለጀማሪ ከቢቢሲው ይሻላል። ቃል ለመያዝ አንኪ የሚባለው ፕሮግራም በአንድሮይድ በነፃ ይሠራል፤ ያወቃችሁትን ቃል እያራቀ፣ የረሳችሁትን እያቀረበ ይጠይቃችኋል። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው አዲስ ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይረሳል፤ በየመካከሉ እየተከፋፈለ ሲደገም ይቆያል። በአንድ ሌሊት መቶ ቃል የሚሸመድድ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል፣ ለፈተና ሲነጋ ተርፎለት ስለማያውቅ።

ጉግል ትራንስሌት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ አለው። ለአንድ ቃል ጥሩ ነው፤ ለዓረፍተ ነገር ግን ያወጣውን መልሳችሁ ወደ አማርኛ አዙሩትና የራሳችሁ መሆኑን አረጋግጡ። «መጣሁ»ን ስጡት፣ አስተናጋጃችን ካለው የተሻለ እንደማይል ታያላችሁ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት መልስ ሰጪዎች ደግሞ ለአንድ ነገር ጥሩ ናቸው፤ አያፍሩባችሁም። «አንተ ደንበኛ ሁን፣ ክፍሌ ሞቅ ያለ ውሃ የለውም ብለህ ተቆጣኝ፣ እኔ እመልሳለሁ፣ በመጨረሻ ስህተቴን ንገረኝ» ብላችሁ ስጧቸው። «ስህተቴን ንገረኝ» ካላላችሁ ግን ሁሉን «ግሩም ነው» ይላሉ። የመታወቂያ ቁጥርና የባንክ ነገር አትስጧቸው።

ዳታ ውድ ነው፣ ኔትወርኩም አይታመንም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ በቆየበት ሰሞን ትምህርታቸው ሳይቋረጥ የቀጠሉት ድምፅ አውርደው የያዙት ነበሩ። ቪዲዮ ዳታውን ይበላል። በተለመደው ጥራት የተቀዳ የስድስት ደቂቃ ድምፅ ግን ከ6 ሜጋባይት አይበልጥም። ዋይፋይ ካለበት አንድ ቀን ተቀምጦ ሃያ ፋይል ማውረድ፣ መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ሲደርሱ ያለ ኔት መስማት ይቻላል። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ዊኪፒዲያ እንዳለ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የአንኪ ዓይነት ካርድም በወረቀት ተቆርጦ በጫማ ካርቶን ውስጥ ይሠራል፤ ፊቱ ላይ አማርኛው፣ ጀርባው ላይ እንግሊዝኛው።

አፕ የማይሰጣችሁ ነገር የሚናገር ሰው ነው። ለዚህ የምወደው ከሁለት ሰው ጋር በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላላክ ነው። ደቂቃ የማትሞላ፣ በየቀኑ አንድ፣ ዛሬ ሥራ ላይ የሆነው። ከመላካችሁ በፊት ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ፣ ታፍሩበታላችሁ፣ ትደግሙታላችሁ። ትምህርቱ ያለው በመድገሙ ውስጥ ነው። አብሯችሁ የሚለማመደው ሰው ከእናንተ እጅግ የሚበልጥ ባይሆን ይመረጣል፤ የሚስቅ ከሆነም ቀይሩት።

ስለ ሰርተፊኬት

«በ30 ቀን እንግሊዝኛ፣ ሰርተፊኬት ያለው» የሚል ማስታወቂያ በየቦታው አለ። ቀጣሪ ያንን ወረቀት አይቶ አይቀጥርም፤ አምስት ደቂቃ አነጋግሮ ያውቃል። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስድስት የቋንቋ ችሎታ ደረጃ አለ፤ ከ«ኤ 1» ይጀምርና «ሲ 2» ላይ ያበቃል፤ የሥራ ማስታወቂያ «ቢ 1» ካለ በዕለት ተዕለት ጉዳይ ሳይደናበሩ መነጋገር ማለት ነው። የት እንዳላችሁ ለማወቅ ኢኤፍ ሴት የሚባለውን ነፃ ፈተና በኢንተርኔት መውሰድ ይቻላል። አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የሚፈለገው ለውጭ ትምህርትና ለስደት ነው፤ ከ9 ነው የሚታረመው፣ ውጤቱም የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። መሄጃው ሳይቆረጥ ቸኩሎ መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው። «ፈተናውን እኛ እናሳልፋለን፣ ቅድሚያ በቴሌብር አስገቡ» የሚሉ ግን ሌቦች ናቸው፤ ሌላ ስም የላቸውም።

ቃለ መጠይቅ ላይ የሚፈትነን ቋንቋው ሳይሆን አስተዳደጋችን ነው። «ቴል ሚ አባውት ዩርሰልፍ» ሲባል ራስን ማወደስ ነውር ነው ብሎ ያደገ ሰው ስሙን፣ የትውልድ ቀበሌውንና የወንድሞቹን ቁጥር ተናግሮ ዝም ይላል። ማወደስ አይጠበቅባችሁም፤ የሠራችሁትን በቁጥር ተናገሩ። «ጥሩ ሠራተኛ ነኝ» አትበሉ፤ «ሁለት ዓመት እንግዳ ተቀብያለሁ፣ በቀን ሠላሳ ሰው፣ ሒሳቡን ማታ ማታ እኔ ነበርኩ የምዘጋው» በሉ። ይኼ ጉራ አይደለም፣ የሠራችሁትን መንገር ነው። አራት እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ አዘጋጅታችሁ፣ በስልክ ቀድታችሁ፣ ያለ ወረቀት እስክትሏቸው ድረስ መስማት ነው።

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የሚመላለስ ሚኒባስ ላይ የሚሠራ አንድ ረዳት አለ። አንዱን ጆሮ በኢርፎን ዘግቶ፣ በሌላኛው ተሳፋሪ ይሰማል። የሚደግመው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚወርዱ፣ ሻንጣው ከላይ እንደሚጫን። ባለፈው አብሬው ስወርድ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ የኔ ስልክ ኔትወርክ አጣ፣ የጀመርኩት ቪዲዮ ቆመ። እሱ ያወረደውን ነበር የሚሰማው፤ በጨለማው ውስጥ ከንፈሩ «ዌር ዉድ ዩ ላይክ ቱ ጌት ኦፍ?» እያለ ይንቀሳቀስ ነበር።